ታርጋውን ያዙት፦ መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰው ካሳውን ከየት ያገኛል?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሰው ሲገጭ ከመንገዱ ዳር ቀድሞ የሚሰማው ጩኸት «ታርጋውን ያዙት!» የሚል ነው። የወደቀውን የሚያነሣ፣ በነጠላው ደም የሚያቆም፣ ታክሲ የሚያስቆም ሰው ወዲያው ይደርሳል፤ ቁጥሩን በቃሉ እየደጋገመ ከመኪናው ኋላ የሚሮጥ ወጣትም አይጠፋም። ለዚህ ዳሰሳ ሕጎቹን ደግሜ ሳነብ ያ ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣም። ሕግ ያልተማረ ሰው በድንጋጤ መሀል የሚያሰማው ቃል፣ ጠበቃ ቢጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር ሆኖ አገኘሁት። የገጨው መኪና መድን ከሌለው የተጎጂው ዕጣ በመኪናው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ ዛሬ የት እንደቆመ፣ ፍርድ በሚሰጥበት ቀን ይገኝ እንደሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት በኢትዮጵያ በዓመት ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። በአዲስ አበባ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እግረኛ የመኪና መድን የለውም። ባለመኪና ቢሆን «ሙሉ መድን አለኝ፣ የራሴ ኩባንያ ይክሰኝና እሱ ከዚያኛው ይጠይቅ» ለማለት ይችል ይሆናል። በእግሩ ሲሄድ የተገጨ ሰው ግን ከገጨው ወገን በቀር የሚዞርበት በር ያለ አይመስለውም። በእርግጥ ሌላ በር አለ፤ ስፋቱን በኋላ እናየዋለን።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሰው በሐሳባችን እንውሰድ። ዕድሜው 35 ነው፤ በግንባታ ሥራ በወር 6,000 ብር ያገኛል እንበል። ማታ ከሥራ ሲመለስ የጭነት መኪና ገጨው፤ እግሩ ተሰበረ። ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ ፕላን አነሣ፣ ሹፌሩን ያዘ። የመኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ግን ጊዜው አልፎበታል።

መጀመሪያ የሚደረገው ነገር «መድን የለውም» የሚለውን ወሬ አለማመን ነው። በመስተዋቱ ላይ የሦስተኛ ወገን ስቲከር አለመለጠፉ ብቻውን መድን አለመኖሩን አያሳይም፤ ስቲከር ይላቀቃል፣ መስተዋት ይቀየራል። ስቲከር መኖሩም ውሉ በአደጋው ቀን ይሠራ እንደነበር ማስረጃ አይሆንም። ባለመኪናውም አንዳንዴ የሚያወራው ከፍርሃት የተነሣ ነው። ስለዚህ በታርጋው ቁጥር፣ በኮዱና በክልሉ መነሻነት የትኛው ኩባንያ ለየትኛው ጊዜ የምስክር ወረቀት እንደሰጠ በፖሊስ በኩል በጽሑፍ ማስጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ ዓመት ሙሉ ከባለመኪናው ጋር ሲካሰሱ ከርመው ኋላ ላይ መድን እንደነበረው ማወቅ ጊዜንም ገንዘብንም ይበላል።

በአገራችን የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው በቅርቡ ነው። መጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 559/2000 ወጣ፤ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005 ነው። ከዚያ በፊት መድን የሚገባው የፈለገ ባለመኪና ነበር። ዛሬ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ ለመውሰድ የሦስተኛ ወገን ማስረጃ ይጠየቃል፤ ያለ መድን መንዳትም ያስቀጣል። እንዲህም ሆኖ መድን የሌላቸው ተሽከርካሪዎች አልጠፉም። ቦሎ በተወሰደበት ሰሞን የነበረው ውል መሀል ላይ ያልቃል፤ ባለቤቱም ከሚቀጥለው ምርመራ በፊት ትዝ አይለውም። ከከተማ ርቆ ያለ ታርጋ የሚሽከረከር ሞተር ሳይክልና ባጃጅም አለ። ድንበር አቋርጦ የሚመጣ መኪና ሲሆን ጥያቄው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አለው ወይ የሚል ይሆናል፤ ካርዱ ካለ ተጎጂው አገር ውስጥ የሚጠይቀው ኩባንያ ያገኛል።

መድን አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀረው አሮጌው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አሮጌ መባሉ አያሳንሰው። ለተገጨ ሰው እንደዚህ ያዘነ ድንጋጌ ማግኘት ቀላል አይደለም። በአንቀጽ 2081 መሠረት የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን የነዳው ሳይፈቀድለት የወሰደ ሰው ቢሆን እንኳ። «ጥፋት አልሠራሁም» ማለት አያድነውም፤ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ማለትም አያድነውም። የሚያቀልለት ወይም ነፃ የሚያወጣው የተጎጂው ጥፋት ነው፤ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳም ያመልጣል። እንግዲህ ተጎጂው ፍሬን ስለ መያዝና ስለ ፍጥነት ሲከራከር መዋል የለበትም። ያ መኪና እንደገጨው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነና ምን እንደጎደለበት ማስረዳት ይበቃዋል። ሹፌሩ በጥፋቱ አብሮ ሊከሰስ ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ ከተጎጂው የማይሻል ድኻ ስለሆነ የሚያዋጣው ባለቤቱን መያዝ ነው።

«ባለቤቱ» ሲባል ግን አገራችን የራሷ የሆነ ቋጠሮ አላት፤ ውክልና። መኪና ይሸጣል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ቁልፍ ይሰጣል፤ የስም ዝውውሩን ወጪና ምልልስ ለመሸሽ ሲባል ገዢው በውክልና ብቻ ይዞት ይሄዳል። እሱም በውክልና ለሌላ ይሸጠዋል። ሊብሬው ላይ ግን ስሙ የተጻፈው የመጀመሪያው ሰው ነው። መኪናው ሰው ሲገጭ መጥሪያው የሚደርሰው ለእሱ ይሆናል፤ መኪናውን ካየው አምስት ዓመት ያለፈው ጡረተኛ ሊሆን ይችላል። «ሸጬዋለሁ» ይላል፤ ገዢው ደግሞ «ስሙ የእኔ አይደለም» ይላል። ለተጎጂ የሚበጀው ሁለቱን ለይቶ ከመምረጥ ይልቅ የተመዘገበውን ባለቤት፣ መኪናውን ይዞ የሚጠቀምበትን ሰውና ሹፌሩን በአንድ ክስ ማቅረብ ነው። እርስ በርስ ያለባቸውን ሒሳብ እነሱ ይተሳሰቡ። መኪናቸውን በውክልና የሸጡ አንባቢዎች ካሉም ይህ ለእነሱም ጉዳያቸው ነው፤ ስም ያላዛወረ ሻጭ ሦስተኛ ወገን መታደስ አለመታደሱን እንኳ የማያውቅበትን መኪና አደጋ ተሸክሞ ይኖራል።

አሁን ወደ ሌላው በር እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ፣ እንዲሁም ገጭቶ ባመለጠና ማንነቱ ባልታወቀ መኪና ለተጎዳ ሰው የሚከፍል የመድን ፈንድ አለው። ዛሬ ይህን ሥራ የያዘው የመንገድ ደኅንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። የፈንዱ ገንዘብ በአመዛኙ መድን የገቡ ባለመኪኖች ከሚከፍሉት ዓረቦን ላይ ከሚነሣ ድርሻ የሚመጣ ነው፤ ሕግ ያከበረው ሕግ ላላከበረው እየከፈለ ነው ማለት ነው። ፈንዱ ከከፈለ በኋላ ባለመኪናውን ራሱ ይጠይቃል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ መብት ብዙ ሰው አያውቀውም። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው የአስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ አዋጁ የጤና ተቋማትን ያስገድዳል፤ ወጪው በተወሰነ ልክ በመድን ሰጪው ወይም በፈንዱ ይሸፈናል። በአዋጁ መጀመሪያ የተቀመጠው ልክ 2,000 ብር ነበር። «መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ» ተብሎ በር ላይ የቆመ ቤተሰብ ይህን ማወቅ አለበት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ደም የሚፈሰው ሰው ግን አልጋ ላይ እንዲወጣ የሚያደርግ መከራከሪያ ነው።

የፈንዱ በር ግን በሁለት ምክንያት ጠባብ ነው። ፈንዱ የሚከፍለው ለሞትና ለአካል ጉዳት ነው፤ ለተሰበረ መኪና፣ ለፈረሰ ሱቅ፣ ለሞተ በሬ አይከፍልም። ሁለተኛው የገንዘቡ ጣሪያ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ከ5,000 የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ ለአካል ጉዳትም ጣሪያው 40,000 ብር ነበር። ጣሪያው ከዚያ ወዲህ በደንብ ከፍ ተደርጓል፤ ባለጉዳዩ በአደጋው ቀን ይሠራ የነበረውን ልክ ከአገልግሎቱ ማጣራት አለበት። ከፍ ቢልም ጣሪያ ጣሪያ ነውና ከሙሉ ካሳ ጋር ያለው ርቀት አልጠፋም።

ርቀቱን በግንባታ ሠራተኛችን ላይ እንለካው። የሕክምና ቦርድ 30 በመቶ ቋሚ ጉዳት ደርሶበታል ብሎ ጻፈለት እንበል። ፍርድ ቤቶች በተለምዶ የሚከተሉት ስሌት የዓመት ገቢውን፣ የጉዳቱን መቶኛና ሠርቶ ሊኖርባቸው ይችል የነበሩትን ዓመታት ያባዛል። በወር 6,000 ብር በዓመት 72,000 ነው፤ የዚያ 30 በመቶ 21,600 ብር። እስከ 60 ዓመቱ 25 ዓመት ቀርቶታል፤ ጠቅላላው 540,000 ብር ይሆናል። የሕክምና ወጪው፣ አልጋ ላይ የቀረበት ደመወዝና አስታማሚ ገና አልተቆጠሩም። በቀድሞው ጣሪያ ፈንዱ ከዚህ 40,000ውን ይሰጠው ነበር፤ የቀረው ግማሽ ሚሊዮን ብር ከባለመኪናው ኪስ የሚፈለግ ነው። የፈንዱን ገንዘብ መቀበል የቀረውን ከመጠየቅ አያግደውም። ብዙ ሰው ግን ከፈንዱ ቢሮ ሲወጣ ጉዳዩ አለቀ ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ስሌቱ ደመወዝ ላለው ሰው ቀላል ነው። ደመወዝ የሌለውስ? ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ገቢዋን በምን ሰነድ ታስረዳለች? ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግር፣ አምስት ልጆች ያሳደገች የቤት እመቤት እጇ ሲቆረጥ «ገቢ አልነበራትም» ተብሎ ይታለፋል? የሰባት ዓመት ልጅስ? የጉዳቱን ልክ በትክክል ማስላት ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2102 ፈቅዶለታል። ሥልጣኑ ሰፊ ነው፤ አጠቃቀሙ ግን ከዳኛ ዳኛ ይለያያል። ከሳሽ ክሱን ሲያዘጋጅ «ተገቢው ይፈረድልኝ» ብሎ ከመተው ይልቅ የቤት እመቤቷ ትሠራ የነበረውን ሥራ ሌላ ሰው ቢቀጠርበት በወር ስንት እንደሚከፈል በጎረቤት ምስክር ማስረዳት ይጠቅመዋል። ዳኛው የሚይዘው ቁጥር ሲሰጠው ርትዑ መሬት ይረግጣል። በሞት ጊዜ ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በራሳቸው ስም የሚጠይቁት በሟቹ መሞት የቀረባቸውን ቀለብ ነው። ልጃቸውን ያጡ ወላጆች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ የሰባት ዓመት ልጅ የሚጦሩት እንጂ የሚጦር አልነበረምና።

ስለ ሕሊና ጉዳት ካሳ የሚሰማኝን አልደብቅም። ለልብ ስብራት ሕጉ የፈቀደው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ያ ገንዘብ 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ያው 1,000 ብር ዛሬ 10 ዶላር አይሞላም። ልጁን የቀበረ አባት ችሎት ቆሞ ይህ ቁጥር ሲነበብለት ከመስማት ባይፈረድለት ይሻለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህን ለማስተካከል ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ቁጥሩን መቀየር ነው።

ወደ መኪናው እንመለስ። መድን ያልገባ ባለመኪና በብዙ ሁኔታ ከዚያ መኪና ሌላ ይህ ነው የሚባል ሀብት የለውም። በአደጋው ማግስት መኪናው ፖሊስ ግቢ ቆሟል። ፕላኑ ተነሥቶ ፍሬኑና መሪው ከተመረመረ በኋላ ለባለቤቱ የሚመለስበት ቀን ይመጣል። ከዚያ ቀን በኋላ መኪናው ይሸጣል፣ ወደ ሌላ ክልል ይሄዳል፣ ለወንድም ይዛወራል፣ ተበትኖ መለዋወጫ ይሆናል። ተጎጂው ሁለት ዓመት ተሟግቶ 540,000 ብር ሲፈረድለት የፍርድ ባለዕዳው «የለኝም» ይላል፤ አፈጻጸም ችሎቱም ሐራጅ የሚያወጣበት ንብረት ያጣል። የፍርድ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ይህን ለማስቀረት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሣሪያ ሰጥቷል። ተከሳሹ ንብረቱን ሊያሸሽ ይችላል ብሎ የሚያምን ከሳሽ፣ ከፍርድ በፊት ንብረቱ እንዲከበር ወይም ስም እንዳይዛወር እግድ እንዲሰጥ መጠየቅ ይችላል። እግዱ ተሽከርካሪው ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ሲደርስ ሊብሬው ይታሰራል። መኪናው እየሠራ ገቢ ሊያመጣ ይችላል፤ ከባለቤቱ ስም ግን አይወጣም። ለዚህ ግን ክሱ ቶሎ መቅረብ አለበት። አብዛኛው ቤተሰብ ሐሳቡ ሁሉ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ ጠበቃ የሚፈልገው በሽተኛው ድኖ ሲነሣ ነው፤ ያኔ መኪናው የለም። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከአልጋው አጠገብ ተነሥቶ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍርድ ቤት ቢሄድ የተጎጂውን የወደፊት ኑሮ ያተርፋል። የጉዳቱ መቶኛ ገና አለመታወቁ ክስ ከማቅረብና እግድ ከመጠየቅ አያግድም፤ የሕክምና ቦርዱ ውጤት በኋላ ይቀርባል። የዳኝነት መክፈያ የሌለውም አቅም እንደሌለው አስረድቶ ሳይከፍል የመክሰስ መብት አለው።

ይርጋው ሁለት ዓመት ነው፤ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ በዚህ ጊዜ ውስጥ መጠየቅ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል። ሆኖም በዚህ ተማምኖ መቀመጥ ከተከራካሪ ጋር አላስፈላጊ ሙግት መግዛት ነው። «የወንጀሉ መዝገብ ይለቅና» እያሉ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ሹፌሩ በወንጀል ነፃ ቢወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔር ዳኛው በዚያ አይታሰርም፤ የባለቤቱ ኃላፊነት ከጥፋት ጋር የተሳሰረ ባለመሆኑ ነፃ መውጣቱ ክሱን አያፈርሰውም።

የወንጀሉ መዝገብ ግን ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ሹፌሩና ቤተሰቡ ገንዘብ ለማዋጣት ከሁሉ ይልቅ የሚነሣሡት ያኔ ነው። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሰው የተጎጂን ቤተሰብ መካሱና ከልቡ መጸጸቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ስለሚችል፣ ሽማግሌ የሚላከው ከፍርዱ በፊት ነው። ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ «የሆነው ሆኗል፣ እሱም አስቦ አላደረገው፣ ልጆቹ እንዳይበተኑ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የታሰረ ሹፌር ካሳ አይከፍልም። በኦሮሞ ባህል ጉማ፣ በሶማሌ ባህል መግ እየተባለ በጎሣ የሚከፈለው የደም ካሳም ከፍርድ ቤት ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ባለመኪናው ባዶ እጁን ቢሆንም ዘመዱ ተሰባስቦ ይከፍላልና። ይህ በመድን እጦት ጊዜ የሚሠራ የጥንት መድን ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የሚያሳስበኝ የሚፈረመው ወረቀት ነው። በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለመድኃኒት ጥቂት ሺህ ብር ይሰጥና «ታርቀናል፣ ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም» የሚል ወረቀት ይቀርባል፤ ሹፌሩ በዋስ እንዲወጣ ያስፈልጋል ይባላል። እርቅ እንደ ማንኛውም ውል ያስገድዳል። የተጎጂው እግር እንደገና ተቀዶ ብረት ሲገባበት ያ ወረቀት ከፊቱ ይቆማል። የተሰጠውን ገንዘብ መቀበል ነውር የለበትም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ገንዘቡ ለሕክምና መደገፊያ የተሰጠ መሆኑ፣ ከካሳው ላይ የሚታሰብ መሆኑና የቀረው መብት የተጠበቀ መሆኑ መጻፍ አለበት። የመጨረሻው እርቅ የሚፈረመው ቦርዱ መቶኛውን ከጻፈ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ባለቤቱን ሳይጨምር ከሹፌሩ ጋር ብቻ የሚደረግ እርቅም የባለቤቱን ኃላፊነት እንዳያስቀር በግልጽ መለየት አለበት።

መኪናው ብቻ ለተጎዳበት ሰው ነገሩ አጭር ነው፤ ፈንዱ አይመለከተውም። ሙሉ መድን ካለው ኩባንያው ያሠራለትና በመዳረግ መብቱ መድን የሌለውን ወገን ይጠይቃል። ከሌለው ግን ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሕጉ የሚነሣበትን ግምት ማወቅ አለበት፦ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጠርና ጠቅላላው ጉዳት እኩል ይካፈላል፤ አንደኛው ሹፌር ጥፋተኛ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር። ስለዚህ በቆመበት የተመታ ባለታክሲ እንኳ ጥፋቱ የዚያኛው መሆኑን ካላስረዳ ግማሹን ሊሸከም ይችላል። የትራፊኩ ፕላን ላይ የተሳሳተ ነገር ካየ ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ ይቃወም፤ ሲጠገን የቆመበትን የቀን ገቢም ደረሰኝ ይዞ ይጠይቅ።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በተለያየ መንገድ ይዘውታል፤ አማርኛ አንባቢ የሚኖርባቸውን ሁለቱን ላንሣ። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ካሳ ሕግ ለአካል ጉዳት ካሳ ሲከፈል ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። መኪናው መድን ባይኖረው ወይም ገጭቶ ቢያመልጥ ቀርኒት የተባለው ፈንድ በመድን ሰጪው ቦታ ቆሞ ይከፍላል። ያለ መድን የነዳው ባለመኪና ራሱ ቢጎዳ ግን ከዚህ ካሳ ውጭ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ወገኖቻችን ሌላ ዓይነት ሕግ ይገጥማቸዋል። በቨርጂኒያ እ.ኤ.አ. እስከ ጁላይ 1 ቀን 2024 ድረስ ለመንግሥት 500 ዶላር ከፍሎ ያለ መድን መንዳት ይቻል ነበር፤ አሁን ቀርቷል። በዚያ አገር መፍትሔው በራስ ፖሊሲ ውስጥ ነው፦ መድን የሌለው ሰው ቢገጭህ የራስህ ኩባንያ የሚከፍልበት ሽፋን በቨርጂኒያም በሜሪላንድም የመኪና ፖሊሲው አካል ነው። ብዙ ታክሲና የመተግበሪያ ጉዞ ሹፌሮቻችን ይህ ገንዘብ እንዳላቸው ሳያውቁ «ያኛው መድን የለውም፣ ተውኩት» ይላሉ። አንድ ወጥመድም አለ፤ በሁለቱም ግዛቶች የተጎዳው ሰው በጥቂቱም ቢሆን ጥፋት ከተገኘበት ካሳውን ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በአደጋው ቦታ በይሉኝታ የሚወጣ «ይቅርታ፣ እኔም አላየሁህም» የሚል ቃል ብዙ ያስከፍላል።

የአሜሪካው መንገድ ለእኛ እግረኛ አይሆንም፤ ፖሊሲ የለውምና። ለእኛ የሚቀርበው የእስራኤሉ ነው፤ ፈንዱም አለን። የጎደለው ፈንዱ እስከ ሙሉው ካሳ፣ ያ ባይቻል እስከ አብዛኛው ድረስ እንዲከፍል ማድረግ ነው። ሌላም የሚስተካከል ነገር አለ። ዛሬ ፈንዱ የከፈለውን ለማስመለስ ባለመኪናውን ሲጠይቅ፣ ተጎጂውም የቀረውን ካሳ ከዚያው ሰው ይጠይቃል። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ አንድ መኪና ነው። ከሐራጁ ገንዘብ ተጎጂው ሙሉ ካሳውን እስኪያገኝ ፈንዱ ወደ ኋላ እንዲቆም በሕግ ቢደነገግ፣ እግሩ የተሰበረው ሰው ከመንግሥት ጋር ተሻምቶ አይቀርም ነበር።

ከዚያ በፊት በአንድ መመሪያ ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። ፖሊስ ሰው የጎዳን መኪና ከግቢው ከመልቀቁ በፊት የሦስተኛ ወገን ማስረጃውን ይይ፤ ማስረጃ ከሌለው ባለቤቱ በቂ ዋስትና እስኪያቀርብ ወይም ተጎጂው ፍርድ ቤት ሄዶ እግድ የሚያወጣበት ጊዜ እስኪሰጠው ያቆየው፤ ለተጎጂው ቤተሰብም የሚለቀቅበትን ቀን ያስታውቅ። የግንባታ ሠራተኛችን ሚስት በዚያ ጠዋት ፖሊስ ግቢ በር ላይ መድረስ አለባት።